ሰርዶ የከሰከስኩበት ክረምት

ሰው ከጎረቤቱ ይጣላል፣ ከአለቃው ይጣላል፣ ባስ ካለም ከቀበሌ ይጣላል። እኔ ከሳር ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ። ያውም ተሸንፌ፣ ያውም በሕዝብ ፊት። እንዲህ ስላችሁ ሳሩ ጥፋተኛ ይመስላችሁ ይሆናል። የለም፣ ሳሩ ሥራውን ነው የሠራው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ከእኔ የተረፈ ካለም የአንድ ድንክ ትራክተር ነው።

በዚያን ጊዜ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የእርሻ መሣሪያ መጋዘን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ብሎን ተቀብሎ ብሎን ማደል ነው። ትራክተር ነድቼ አላውቅም፤ የትራክተር ሆድ ዕቃ ግን አንድ በአንድ በእጄ አልፏል። ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ብሎን ሲያድል ከኖረ መሐንዲስ የሆነ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። በሰፈራችን የማንም ሰው ሬዲዮ ዝም ሲል የምፈታው እኔ ነበርኩ። የሚገጥመው ሌላ ሰው ነው።

የምንኖረው በባለቤቴ በአስቴር አባት ግቢ ነው። አማቴ አቶ ደምሴ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ለፍተው የሠሯቸው ሦስት የኪራይ ቤቶች ነበሯቸው፤ አዋጁ ሲወጣ ትርፍ ቤት ተብለው በአንድ ጠዋት ተወረሱ። የቀራቸው የምንኖርበት ቤትና ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ ነው። ጓሮው ዳር እስከ ዳር ሰርዶ ነው። የናዝሬት ሙቀት በረድ ሲል፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ወንበራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ጫማቸውን ያወልቁና ባዶ እግራቸውን ሳሩ ላይ አድርገው እስኪመሽ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አስቴር «አባባ፣ ሁልጊዜ እዚህ ተቀምጠው ምን ያያሉ?» ብላ ብትጠይቃቸው «የቀረኝን» አሏት።

እንግዲህ አንድ እሑድ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። (በዚያን ጊዜ ስብሰባ ያልተጠራንበትን እሑድ እነግራችሁ ነበር፤ ግን አላስታውስም።) ሊቀመንበሩ ተነሥቶ «ጓዶች፣ ሕዝቡ ጎመን አጥቶ በየግቢው ሳር የሚያሳድጉ አሉ። ለመሆኑ ሳር ማንን ይመግባል?» አለ። ከኋላ አንድ ሰው «በሬን» ብሎ መለሰ። ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ሁላችንም በድንገት ጣራ ጣራውን ማየት ጀምረን ነበር። ከዚያ ውሳኔው ተነበበ። ባዶ ጓሮ ያለው ሁሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ አለስልሶ አትክልት ይተክላል። ክረምቱ ሲወጣ ኮሚቴ ዞሮ ያያል። አትክልት ያልታየበት ጓሮ በሽቦ ተከፍሎ ለሚያለማ ሰው ይሰጣል። በሰፈሩ ትልቁ ጓሮ የአማቴ ነው። ሊቀመንበሩ ሲያነብ ዓይኑ እሳቸው ላይ ነበር፤ እሳቸው የገዛ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እኔ ደግሞ ሰው ሲያዝን ማየት አልችልም፤ ዝም ማለትም አልችልም፤ እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጉድ የሚፈላው። «አባባ፣ ነገሩን ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው። አስቴር ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። ሬዲዮ ስፈታም እንዲሁ ነው የምታየኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ቱፋ ወተት ይዘው መጡ። ኦቦ ቱፋ ከወንጂ መንገድ ማዶ የሚያርሱ፣ ከአማቴ ጋር ሠላሳ ዓመት የተዋወቁ ሽማግሌ ናቸው። «አካም ቡልታን» ብለው ቤተሰቡን ሁሉ በየተራ ሰላም ካሉ በኋላ ጓሮውን እንዲያዩልን ጠየቅናቸው። በተረከዛቸው መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረጉና ተቀመጡ።

«ይሄ ጮቆርሳ ነው፤ እናንተ ሰርዶ የምትሉት» አሉ። «መታረስ ነው ያለበት። አሁን ደረቅ ነው፣ አይሆንም። አንድ ዝናብ ይጣልና በሬዎቼን አመጣለሁ። ይገመሳል። ሳሩ በግንባሩ ተደፍቶ ሥሩ ወደ ላይ ይሆናል፣ ፀሐይ ያየዋል፣ ይደርቃል። ከዚያ ሥሩን በእጅ እየለቀሙ ማውጣት ነው።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አልኳቸው።

«እሱን ፀሐይዋ ታውቃለች።»

ይህን መልስ ይዤ ሊቀመንበሩ ፊት ስቆም ታየኝ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ፀሐይዋ ታውቃለች ልበለው? «ኦቦ ቱፋ፣ በዚህ በሠለጠነ ዘመን በበሬ ማረስ ቀረ እኮ» አልኳቸው። እሳቸውም የወተት ዕቃቸውን አንሥተው «ቀረ እንዴ? አልሰማሁም» ብለው ሄዱ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው፤ እኔ ግን ተረቱ ሌሎች ሰዎችን የሚመለከት ይመስለኝ ነበር።

መጋዘናችን ውስጥ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ ድንክ ትራክተር ነበር። ሁለት ጎማና ሁለት እጀታ አለው። መቀመጫ የለውም፤ ነጂው እጀታውን ይዞ ከኋላ ይከተለዋል። ለትልቅ እርሻ ስለሚያንስ፣ ለትንሽ እርሻ ስለሚበዛ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእነሳጥኑ እኔ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ከኋላው የሚቀጠሉ ሁለት ዕቃዎች አብረውት መጥተዋል። አንደኛው አፈሩን ቆርጦ የሚገለብጥ ማረሻ ነው። ሁለተኛው እየተሽከረከረ አፈሩን ከእነሳሩ የሚፈጭ የስለት ረድፍ ነው፤ መከስከሻ ነው የምንለው። መመሪያው በየትኛው አገር ቋንቋ እንደተጻፈ የሚያውቅ አልተገኘም። ሥዕል ግን ነበረው። በማረሻው ሥዕል ላይ ያለው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አልቦታል። በመከስከሻው ሥዕል ላይ ያለው ያው ሰውዬ ፈገግ ብሏል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገኝም ነበር።

አለቃዬ ማመልከቻዬ ላይ «ለጓሮ አትክልት ዘመቻ» የሚለውን ሲያይ ቀሪውን ሳያነብ ፈረመ። ትራክተሩን ወደ ቤት ያመጣሁት በፈረስ ጋሪ ነው። ትራክተር የፈረስን ሥራ ሊያስቀር መጣ ሲባል ኖሮ፣ ፈረስ ትራክተር ተሸክሞ ሲሄድ ያየ የከተማ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳቀ። ባለጋሪው ሳይቀር ሳቀ። ፈረሱ ብቻ ነው ነገሩን እንደ እኔ አክብዶ ያየው።

ቤት ስደርስ ክርክር ተነሣ። አስቴር «ኦቦ ቱፋ መገልበጥ አለበት አይደል ያሉት? ቢያንስ ማረሻውን ግጠመው» አለች። ለትዳሬ ስል ማረሻውን ገጠምኩ። ትራክተሩን አስነሣሁት፤ ማረሻው መሬት ነካ፤ ጎማዎቹ እዚያው በቦታቸው መሽከርከር ጀመሩ። ማሽኑ ቀላል ነው፣ መሬቱ የደረቀ ነው። ድንጋይ አሰርኩበት፣ አሁንም ላጥ ላጥ ብቻ ያደርጋል። አስቴርን «እስቲ ላዩ ላይ ተቀመጪበት» አልኳት። የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም። አማቴ ከወንበራቸው ሆነው «ዝናቡን ብትጠብቁ» አሉ። እኔም ማረሻውን ፈትቼ ወረወርኩና መከስከሻውን ገጠምኩ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር በየትኛውም ሥዕል ላይ የለም። መከስከሻ በደረቅ ሰርዶ ላይ ሲያርፍ መሬቱን አይነክሰውም። ስለቶቹ ሳሩ ላይ ቆመው እንደ እግር ይሮጣሉ። ማሽኑ ሮጠ፤ እኔም እጀታውን እንደያዝኩ ተከተልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፣ ሞኙ ግን አልለቀቀም። አስቴር «ልቀቀው» ትላለች፤ አማቴ «ይልቀቀው» ይላሉ፤ ትራክተሩም የሚለቀው ቢያገኝ ደስ የሚለው ይመስለኛል። የጎረቤታችንን የእትዬ ፋጡማን አጥር በስተመካከሉ ሰንጥቀን ገባን። እትዬ ፋጡማ አልጋ ልብስ አጥበው አስጥተው ነበር። መከስከሻው መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ አልጋ ልብሱን በልቶ ጸጥ አለ።

እትዬ ፋጡማ ከበርጩማቸው ሳይነሡ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ልጄ፣ አልጋ ልብሱን ከፈለግከው ለምን አልጠየቅከኝም?» አሉኝ።

አልጋ ልብሱን ከስለቶቹ ላይ በቢላዋ እየቆረጥኩ ሳወጣ ቀኑ አለቀ። በማግሥቱ ብልሃት አመጣሁ። ማሽኑ እንዳይሮጥ ወገቡን በገመድ አስሬ ገመዱን ለአስቴር ሰጠኋት። በጎ ሐሳብ ነበር። አሁን ማሽኑ ወደፊት መሮጥ ስላቃተው ባለበት ቆሞ ወደ ታች መቆፈር ጀመረ፤ እኔም «ይኸው ነከሰ» ብዬ በደስታ ስጫን የሰፈሩን የውሃ ቧንቧ አገኘው። ውሃው እስከ ጣራችን ወጣ። ሕዝቡ ባልዲና በርሜል ይዞ ግቢያችንን ሞላው። ከዚያ ቀን በፊት ደጃችን ደርሰው የማያውቁ ሰዎች «እግዚአብሔር ይስጥህ» እያሉ መረቁኝ፤ ቀጥለው ውሃቸው ለአራት ቀን ሲጠፋ ደግሞ እነዚያው ሰዎች በሌላ ቃል ጠሩኝ።

ቧንቧው እስኪዘጋ ድረስ ግን ጓሮው እስኪበቃው ጠጥቶ ነበር። ውሃው ጠፈፍ ሲል መከስከሻውን ባስገባው ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ገባ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት። ሰርዶው ጠፋ፤ አፈሩ እንደ በሶ ሆነ። እኔ ራሴ ፈገግ ማለቴን ያወቅሁት አስቴር «ምን ያስቅሃል?» ስትለኝ ነው። አማቴ ያን ቀን ወንበራቸውን ግድግዳ ጥግ አድርገው ተቀመጡ። ጫማቸውን አላወለቁም። «ይታገሡ አባባ፣ መሬቱ ከእጅዎ አይወጣም» አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሊቀመንበሩ ከእነኮሚቴው መጣ። አፈሩን ዘግኖ በጣቶቹ መካከል አፈሰሰውና «ሳይንሳዊ እርሻ ማለት ይህ ነው» አለ። በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ላይ ስለ ማረስና ስለ መከስከስ ልዩነት ማብራሪያ እንድሰጥ ተደረገ። ማረስ ኋላ ቀር እንደሆነ፣ ገልብጦ የሚተው እንደሆነ፣ መከስከስ ግን ሥር ነቀል እንደሆነ አስረዳሁ። ተጨበጨበልኝ። ዛሬ ያ ጭብጨባ ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

ኦቦ ቱፋ ከስብሰባው ማግሥት መጡ። ከአፈሩ ውስጥ አንድ ነጭ የሰርዶ ቁራጭ መዘው አወጡ፤ ከጣት አያልፍም፤ መካከሉ ላይ ትንሽ አንጓ አለችው።

«እኛ ልጅ ስንመርቅ እንደ ጮቆርሳ ለምልም እንላለን» አሉኝ። «ለምን ይመስልሃል?»

«ስለሚያምር?»

«ስለማይሞት ነው። ብትቆርጠው ቁራጩ ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላል። አንተ ስንት ቦታ ነው የቆረጥከው?»

አፈሩን አየሁት። ነጫጭ ቁራጮቹን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልብ አላልኳቸውም ነበር። ካየኋቸው በኋላ ግን ዓይኔ ከእነሱ ሌላ ማየት አቃተው። ለኦቦ ቱፋ የመለስኩላቸው «ይበሰብሳል» ብዬ ነው፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ እግዜር ይወቅ።

ሽንኩርት በመስመር ዘራሁ፤ ዳር ዳሩን ቲማቲም ተከልኩ። ዝናቡ መጣ። በሰባተኛው ቀን ጓሮው አረንጓዴ ለበሰ። ሽንኩርት ሲበቅል ቀጭን ሳር እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በመስመር የዘራሁት ከመስመር ወጥቶ በየቦታው መብቀሉን ለዘሩ ጥንካሬ ቆጠርኩለት። እትዬ ፋጡማን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ «ማሻ አላህ» አሉ። ዝናብ ያልጣለ ዕለት በባልዲ ውሃ አጠጣው ነበር። አዎ፣ ሰርዶን በባልዲ ውሃ አጠጥቻለሁ፤ ማዳበሪያም አድርጌለታለሁ። አንድ ቀን አስቴር ሄዳ አንዱን ሳብ ስታደርገው ብቻውን አልነቀልም አለ፤ ክንድ የሚያህል ሐረግ ከመሬት እየተላቀቀ ተከተላት። «ሽንኩርትህ ወደ እትዬ ፋጡማ ቤት እየሄደ ነው» አለችኝ።

ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ኦቦ ቱፋን ይጠራ ነበር። እኔ መከስከሻውን ጠራሁ። የመጀመሪያው ጊዜ በደንብ ስላልደቀቀ ነው ብዬ አሰብኩ። ሽንኩርቱንም ሰርዶውንም አንድ ላይ ፈጨሁት። አንዱ ቁራጭ አምስት ሆነ፣ አምስቱ ዝናብ አገኙ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሒሳብ ለእናንተ ትቼዋለሁ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አህያ ይባላል። ያቺ አህያ እርሻ የሚባል ነገር አታውቅም። በመስከረም ሰርዶው ቁርጭምጭሚት አልፎ፣ ቧንቧው የነበረበትን ሸፍኖ፣ በተሰነጠቀው አጥር በኩል የእትዬ ፋጡማን ደጅ ለምለም አድርጎት ነበር።

ኮሚቴው መጣ። ሊቀመንበሩ ያጨበጨበልኝ ሰው ነውና ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ እውነተኛውን ቲማቲም ሲፈልግ ሁለት ፍሬ አገኘ። እሑድ ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ስለ ሳር ግለ ሂስ ያደረገ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። ተነሥቼ ሰርዶን በመናቄ፣ የአርሶ አደሩን ምክር ባለመስማቴ፣ ሥዕል በማመኔ ራሴን ወቀስኩ። አንድ የኮሚቴ አባል እጁን አውጥቶ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ አሻጥር ነው ወይስ ድንቁርና? ይለይልን» አለ። አሻጥር የሚባለው ቃል በዚያ ዘመን ምን ላይ ያደርስ እንደነበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «ድንቁርና ነው፣ ጓዶች። ንጹሕ ድንቁርና ነው። ባለቤቴን መጠየቅ ትችላላችሁ» አልኩ። አስቴርም ከተቀመጠችበት «እውነቱን ነው» ብላ መሰከረችልኝ። በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

ራሴን አዳንኩ፤ ጓሮውን ግን አላዳንኩም። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሽቦ ተከፍሎ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ተወሰነ። ያን ቀን አማቴ ወንበራቸውን ከጓሮ አንሥተው ወደ ቤት አስገቡና ሳሎን ውስጥ ግድግዳ እያዩ ተቀመጡ። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቤት የወሰደባቸው አዋጅ ነው፤ የመጨረሻዋን የሣር ቁራሽ ግን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ፤ ይህን ሳስብ ከእሳቸው ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ አፈርኩ።

ጓሮው መጀመሪያ የተሰጠው ለአንድ የቀበሌ ጥበቃ ነበር። ከአርሲ ነገሌ ገጠር የመጣ፣ የገበሬ ልጅ፣ የሰባት ልጆች አባት ነው። ከሊቀመንበሩ ጋር ዶማና የሽቦ ጥቅል ይዞ መጣ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። አንዴ በዶማው መታ፤ አፈሩን አራገፈ፤ በእጁ የቀረውን የነጭ ሥር ጥቅል አየ።

«በምንድን ነው ያረሳችሁት?» አለኝ።

«አልታረሰም፤ ተከሰከሰ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

ሰውዬው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ሰባት ልጅ የማበላ ሰው ነኝ። ይሄን መሬት የወሰደ ሰው እሱም ልጆቹም ሰርዶ ሲለቅሙ ነው የሚያረጁት። ለሌላ ይሰጥልኝ» አለና ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ። ለሌላ ተሰጠ። ሁለተኛዋ ሴትዮ ከበሩ ሆነው አይተው ተመለሱ። ሦስተኛው ሰምቶ ኖሮ ጨርሶ አልመጣም። ሊቀመንበሩ የሽቦውን ጥቅል ትንሽ ሲያየው ቆይቶ ደብተሩን አወጣ። «ለልማት የማይመች» ብሎ ጻፈ፤ ሽቦውን አስጭኖ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ጓሮ የጠየቀን ሰው የለም።

አሥር ሰዓት ሆነ። አማቴ ወንበራቸውን ይዘው ወጡ። ሳሩ ከድሮው ይልቅ ወፍሯል፤ ጫማቸውን ሲያወልቁ እግራቸው ውስጡ ጠፋ። ጥቂት ቆይተው ጠሩኝና አጠገባቸው እንድቀመጥ አደረጉ። ግራና ቀኝ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሁለት ጊዜ የከሰከስከው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር።

«ድንቁርና ነው ብለህ በሕዝብ ፊት መቆምህስ» አሉ። «ለእኔ ብለህ ክብርህን ጣልክ። ያኔ አንተን የመሰለ ብልህ ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ ቤቶቼም ባልሄዱ።» ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አስቴር በወጥ ቤቱ በር ቆማ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ ታየኛለች። አማቴ መልሴን እየጠበቁ የእግራቸውን ጣቶች ሳሩ ውስጥ ያፍታታሉ።

«አስቤበት ነው፣ አባባ» አልኳቸው።